በሳክስፎን የተፎከረ ስም፦ የጌታቸው መኩሪያ ብዙ ያልተነገረላቸው ቅጂዎችና ጥምረቶች

(በመርጡለ ማርያም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



 የንግግሬ ርእስ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ እርስ በርሳችሁ እንደተያያችሁ አስተውያለሁ። ንግሥት እሌኒ ያሠሩት የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ከዚህ ጥቂት ርቆ ቆሞ እያለ የታሪክ መምህር ስለ ሳክስፎን ምን ያወራል የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። ያ ሳክስፎን የሚናገረው የዚህን አገር ንግግር ነው። በእነብሴ፣ በእነማይና በእነሴ ዳስ ውስጥ ጎፈሬውን አበጥሮ ዱላውን እየነቀነቀ የሚነሣው ሰው የሚያሰማውን ድምፅ፣ ጌታቸው መኩሪያ የተባሉ የይፋት ተወላጅ ወደ ናስ መሣሪያ አሻገሩት። በኋላም፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ያንኑ ድምፅ ከሆላንድ የፐንክ ሙዚቀኞች ጋር ቀዱት። የዛሬው ጉዳዬ በተለይ ይህ ሁለተኛው ሥራቸው ነው። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ንቄው ስለነበር የዛሬው ንግግር በከፊል እርማት ነው ብትሉ አላፍርም።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። ሸክላዎችና ሲዲዎች የሚጠሩት በላያቸው በታተመው ዓመት ስለሆነ፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ከቃላቱ ልነሣ። በከተማ ወግ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ እንደ አንድ ነገር ይጠራሉ። እዚህ ያላችሁ አባቶች ግን ልዩነታቸውን ከእኔ አብልጣችሁ ታውቃላችሁ። ቀረርቶ ዜማ አለው፤ ድምፁ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምት አይጠብቅም። ሽለላ በዜማና በንግግር መካከል ያለ ነው። ፉከራ ደግሞ ዜማው ወድቆ ትንፋሹ ብቻ የቀረበት ንግግር ነው፤ ፎካሪው ቃሉን ሳያቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፣ ድንገት ይቆርጠዋል፣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ይቀበለዋል። በሦስቱም ውስጥ ግን የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። ፎካሪው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ፈረሱ ማን እንደሚባል፣ የትኛውን ወንዝ ተሻግሮ ምን እንደሠራ ይናገራል። ስሙን ያልጠራ ፎካሪ አልፎከረም። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ ዛሬም ድረስ «አባ ኮስትር» ተብለው የሚጠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ቢቀጣቸውም ያ ስም ከዚህ አካባቢ ሽለላ ሊወጣ አልቻለም። ይህን የስም ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ሙዚቀኞች እጃቸውን በክራርና በማሲንቆ አፍታቱ፤ ቀጥለው ክላርኔት፣ ከዚያም ሳክስፎን ያዙ። ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1949፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ተቀጠሩ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። እነዚህ ሦስቱም የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በመንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ያለ ነፊ ደመወዝና የደንብ ልብስ አለው፣ ኖታ አለው፣ የሚቀመጥበት ወንበር አለው። የሌለው ስም ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ይህን ነው። «የጌታቸው መኩሪያ ሥራዎች ስንት ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ በስማቸው የወጡትን በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። በስማቸው ያልወጡት ግን አብዛኞቹ ናቸው። ሂሩት በቀለንና አያሌው መስፍንን የመሳሰሉ ድምፃውያንን አጅበዋል። በዚያ ዘመን ሸክላ መለያ ላይ የድምፃዊው ስም በጉልህ ይጻፋል፤ ቢበዛ የቡድኑ ስም ይታከልበታል። ከኋላ የሚነፋው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮን ማመን ግድ ነው። የጌታቸው ድምፅ ለዚህ የተመቸ ነው። ከሌሎች ነፊዎች ሁሉ ይልቅ የሚንቀጠቀጥ፣ ከማስታወሻው በታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚንሸራተት፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚሻክር ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ካወቃችሁት በሌላ ሰው ሸክላ መሐል ድንገት ብቅ ሲል ትለዩታላችሁ። ያልታወቁ ቅጂዎቻቸው የምላቸው በመጀመሪያ ደረጃ እነዚህን ነው። እነርሱን በዝርዝር የያዘ መዝገብ ያስፈልገናል፤ እኔም ጀምሬው ገና አልጨረስሁትም።

በ1950ዎቹ፣ በቴአትሩ ዘመን፣ ጌታቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ሽለላን ያለ ቃል፣ በሳክስፎን ብቻ አሰሙ። ይህን በማድረግ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። መድረክ ላይ የወጡት የአራዊት ለምድ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ነው። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፎካሪ ሲነሣ የሚለብሰው ይህንኑ ነውና። ግን ልብ በሉ፤ ሽለላ ስምን መጥራት ነው ብለናል፤ ሳክስፎን ደግሞ ቃል የለውም። ስለዚህ ጌታቸው ከሽለላ ውስጥ ቃሉን አውጥተው ትንፋሹን፣ መንቀጥቀጡን፣ ድንገተኛ መቁረጡን አስቀሩ። በአፍ መያዣው ላይ የታሰረችውን የሸምበቆ ስንጣሪ ከልክ በላይ በትንፋሽ ሲያስጨንቋት የምታወጣው ጩኸት፣ ፎካሪው ጉሮሮውን ሲያስጨንቅ የሚያወጣው ነው። ከኋላ ያለው ኦርኬስትራ ደግሞ አጭር ሐረግ እየደጋገመ የዳሱን ተቀባይ ሕዝብ ቦታ ይይዛል።

የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ወዲያው ወደ አሜሪካ ጃዝ ይሄዳሉ፤ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል፤ እንዲያውም ጌታቸው ቀደም ብለው መጀመራቸውን እንደ ተአምር ይጠቅሳሉ። ንጽጽሩ ክብር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የአይለር ጩኸት ከሕግ የወጣ ድምፅ ነው፤ የጌታቸው ጩኸት ሕግ የሚጠብቅ ድምፅ ነው። አንድ የእነብሴ ገበሬ የት ላይ እንደሚቆረጥና የት ላይ «ዘራፍ» እንደሚባል ሳይነገረው ያውቃል።

በስማቸው ወደ ታወቀው ሸክላ ልምጣ። በ1948 የወጣ አዋጅ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በ1969 ያን ገደብ ጥሰው የራሳቸውን ማሳተሚያ ሲከፍቱ ሌሎችም ተከተሉ፤ ፊሊፕስም በገበያው ውስጥ ነበር። የጌታቸው የሳክስፎን ሸክላ በ1972 በፊሊፕስ ወጣ። «ሽለላ»፣ «አካሌ ውቤ»፣ «አሃ ገዳዎ» በዚያ ውስጥ ናቸው። ግሩም ሥራ ነው፤ ለዓመታት አስተምሬበታለሁ። ከበሮው የተስተካከለ ነው፣ ኪቦርዱ ለስላሳ ነው፣ ሳክስፎኑ ይጮኻል፤ ሆኖም ጩኸቱ በጥሩ ምንጣፍ ላይ የቆመ ሰው ጩኸት ነው።

ከ1974 በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው፤ ሸክላ ጠፍቶ ካሴት ተተካ። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏልና አልቆይበትም።

የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመሩ። የ1972ቱ ሸክላ በ2003 ዐሥራ አራተኛ ቅጽ ሆኖ ታተመ። ርእሱም ጌታቸውን የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ይላቸዋል። ውለታው ትልቅ ነው፤ እኔም ያለዚያ ተከታታይ ይህን ጥናት አልጀምረውም ነበር። ሆኖም ከውለታው ጋር አንድ ትረካ አብሮ መጣ። በዚያ ትረካ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ከ1969 እስከ 1975 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭራ ነው። ይህን ትረካ ያለ ጥያቄ ተቀበልሁት። ለሁለተኛ ዲግሪዬ በጻፍሁት ጽሑፍ የጌታቸውን የ2006 ቅጂ በአባሪ ውስጥ በአንድ መስመር አስገብቼው «ከአገር ውጭ የተሠራ ሌላ ሥራ» ብዬ አለፍሁት። አማካሪዬም ፈታኞቼም አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሁላችንም አንድ መጽሐፍ ያነበብን ነበርን።

አሁን ያን አንድ መስመር ልዘርዝረው።

በጥር 2004 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ቡድን ወደ አዲስ አበባ መጣ። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከመጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ የአሜሪካ የጃዝ ቡድን አገራችንን ሲጎበኝ የመጀመሪያው ነበር ይባላል። በመድረኩ ላይ ጌታቸው ተጋብዘው ሽለላቸውን ነፉ፤ ቅጂው በ2005 «ኢትዮፒክስ» ሃያኛ ቅጽ ላይ ወጣ። ቡድኑ የተማረና ጨዋ ነው፤ ለጌታቸው ቦታ ይለቃል፣ ሲጨርሱ ያጨበጭባል። በዚህ ቅጂ ጌታቸው የክብር እንግዳ ናቸው።

ዘ ኤክስ ሌላ ነገር ነው። በ1979 በሆላንድ የተመሠረተ የፐንክ ቡድን ነው። ፐንክን ለማታውቁ፣ ልጆቻችሁ ከሚሰሙት ሄቪ ሜታል ጋር ጎረቤት የሆነ፣ ጊታሩ የሚፋጭ፣ ድምፃዊው ከመዝፈን ይልቅ የሚናገርና የሚጮኽ ሙዚቃ ነው ብላችሁ ያዙት። አባላቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች አይደሉም። ኢትዮጵያን በ2002 እና በ2004 በራሳቸው ወጪና ፈቃድ ተዘዋውረውባታል። በ2004 መጨረሻ የተመሠረቱበትን 25ኛ ዓመት በአምስተርዳም ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋበዙ፤ ጌታቸውም በመጀመሪያ የተጫወቱት ከሚሻ ሜንግልበርግና ከሃን ቤኒንክ ኦርኬስትራ ጋር ነበር። ታዲያ አብረውት ሥራ ለመቅዳት የመረጡት የጃዝ ሊቃውንቱን ኦርኬስትራ አይደለም፤ ፐንኮቹን ነው። አጃቢ ቡድኔ ሁኑ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ጌታቸው ናቸው። የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ሊቆም ይገባል። በሃምሳ ዓመት የሙዚቃ ሕይወታቸው ተቋም ሲመድባቸው የኖሩ ሰው በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ቡድን መረጡ።

«ሞአ አንበሳ» የተባለው ሥራ በ2006 ወጣ። ቴሪና አንዲ ሙር ጊታር፣ ኮሊን ማክሊን ቤዝ፣ ካተሪና ቦርንፌልድ ከበሮ፣ ጂ ደብልዩ ሶክ ድምፅ፤ በእንግድነት ደግሞ ዣቪዬ ሻርል ክላርኔት፣ ብሮዲ ዌስት አልቶ ሳክስፎን፣ ዮስት ባውስ ትሮምቦን። ስማቸውን ሆን ብዬ አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ምክንያቱም በሽፋኑ ላይ ሁሉም ተጽፈዋል። ጌታቸው ግማሽ ዘመናቸውን ካሳለፉባቸው ሸክላዎች አንጻር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሥራው ርእስም ለራሱ ይናገራል። የዘውዱ ዘመን የመንግሥት መፈክር ነበረ፣ ደርግ ከየግድግዳው ፋቀው፤ የአንበሳ ጎፈር የሚደፉት ሽማግሌ ደግሞ በሆላንድ አገር የግል ስማቸው አደረጉት። የፈረስ ስም አወጡ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በዚህ ሥራ ውስጥ «ቼ በለው ሽለላ» የሚል አለ። ጊታሮቹ ዜማውን አያጅቡም፤ ሁለት ወይም ሦስት ድምፆችን ይዘው እንደ ሕዝብ ጩኸት ይደጋግማሉ። ከበሮዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሳክስፎኑ የሚቆምበት ምንጣፍ የለውም፤ ሊዋጥ ይችላል፣ ስለዚህም ይታገላል። ይህን የተረዳሁት ግን በራሴ ጆሮ አይደለም፤ ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ በሰርግ ላይ ሲፎክሩ ሰው ከሩቅ የሚጠራቸው። ከዓመታት በፊት ለፋሲካ ስሄድ ሁለቱንም ቅጂዎች ይዤ ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጠው የ1972ቱን ሰሙ። ደስ አላቸው፤ ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ ፈገግ አሉ። ቀጥዬ «ቼ በለው»ን ከፈትሁ፤ ጊታሩ ሲጀምር ይከፋቸዋል ብዬ ማጥፊያውን በእጄ ይዤ ነበር። ሳክስፎኑ ገባ። አጎቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቆሙ። እስኪያልቅ አልተቀመጡም። ስጠይቃቸው ያሉኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የፊተኛው ደግሷል፤ ይኼኛው ግን ዘምቷል።»

ይህን ቃል በጥናት ቋንቋ ለመተርጎም ብዙ ደክሜያለሁ። አሁን የምለው ይህን ነው። የ1972ቱ ሽለላ ለመድረክና ለመዝናኛ የተገራ ሽለላ ነው፤ ተቃዋሚ የለውም። ፉከራ ግን ተቃዋሚ ይፈልጋል፤ በጦር ሜዳ ጠላት፣ በዳስ ውስጥ ሌላ ፎካሪ። የሆላንዶቹ ጊታሮች፣ ምናልባት ራሳቸውም ሳያውቁት፣ ያን የጎደለ ተቃዋሚ መለሱ። ስለዚህ ለዘመናችን የቀረበው፣ የባዕዳን እጅ ያለበትና የታሪክ ጸሐፊዎች በአባሪ የጻፍነው ቅጂ፣ ለጥንቱ ሥርዓት ይበልጥ የቀረበው ሆኖ ይገኛል። የዘመን ቅደም ተከተል የቅርበት ቅደም ተከተል አይደለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አሳብ አይስማሙም። ሽማግሌውን ከአገራቸው አውጥቶ ለአውሮፓ ወጣቶች ትርኢት ማድረግ ነው ይላሉ፤ የአንበሳ ጎፈሩን ፎቶግራፍ እያሳዩም ይከራከሩኛል። ክርክሩ ክብደት አለው። ለባዕድ ዐይን ሲባል የሚለበስ ለምድ እንዳለ ሁላችንም አይተናል። ሆኖም ለምዱን ጌታቸው የለበሱት ሆላንዶቹ ቡድናቸውን ከመመሥረታቸው በፊት፣ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ነው። ደግሞም ነገሩ አንድ ጊዜ ታይቶ የቀረ ትርኢት አይደለም፤ ለዓመታት አብረው ተጉዘዋል። ነሐሴ 2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር በተደረገው የአደባባይ ትርኢት ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ ከኢዘር ኦርኬስትራ ጋር ሲቀርቡ፣ ጌታቸው የቀረቡት ከዘ ኤክስ ጋር ነው። በ2009 ድምፃዊው ሶክ ቡድኑን ለቅቆ አርኖልድ ደ ቡር ሲተካ እንኳ ጥምረቱ አልፈረሰም።

ሁለተኛው የጋራ ሥራቸው «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጣ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይረጋል፤ ትዝታው ይበዛል፤ ያረጀ ሰው ትንፋሽ ይሰማበታል። በተጓዳኝ ዲስኩ የቆዩና በየቦታው የተቀዱ ሥራዎች አሉ፤ ለተማሪ እጅግ ጠቃሚው ክፍል እርሱ ይመስለኛል። «አካሌ ውቤ» የሚለው ዜማም በበኩሉ ተጉዞ የአንድ የፓሪስ ቡድን መጠሪያ ሆኗል። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር።

አጎቴም ዐርፈዋል። ሲፎክሩ የቀዳኋቸው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ቤተ መዛግብት በአደራ ካስቀመጥሁት በኋላ «የሕዝብ ዘፈን፣ ጎጃም» ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ስም የለም፣ ቀበሌ የለም። ስሙን ለመጥራት ጉሮሮውን የቀደደ ሰው ካርዱ ላይ ስም አልባ ሆኖ ተቀምጧል። ካርዱን አስተካክሉልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ከእናንተ መካከል የሰርግ ፉከራ በስልኩ የቀዳ ተማሪ ካለ፣ ፋይሉን ሲያስቀምጥ የፎካሪውን ስምና የአባቱን ስም ይጻፍበት፤ ፈቃዱንም ይጠይቅ።

ጥያቄያችሁን ከመቀበሌ በፊት ሁለቱን ቅጂዎች አሰማችኋለሁ፤ በመጀመሪያ የ1972ቱን፣ ቀጥዬ የ2006ቱን። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች ድምፁ ከበዛባችሁ ምልክት ስጡኝ። ካልሰጣችሁኝ ግን አልቀንሰውም።